ሦስት ጌም ጀምሮ አንዱንም አለመጨረስ፦ የቱ ይቅደም?

ጥያቄው፦ «በቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ማታ ማታና ቅዳሜ ጎዶ በሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም (ኢንጂን) ጌም እሠራለሁ፤ በሳምንት ተሰብስቦ 6 ሰዓት ያህል ይሆናል። የተጀመሩ ሦስት ሥራዎች አሉኝ። አንዱ የስልክ ገበጣ ነው፤ ገበታው ስክሪን ላይ ይታያል እንጂ ገና አይጫወትም። ሁለተኛው መሰናክል እየዘለሉ የሚያልፉት የቱዲ (ጠፍጣፋ ሥዕል ያለው) ጌም ነው፤ ካሰብኩት 20 ደረጃ 4ቱ አልቀዋል። ሦስተኛው በዘመነ መሳፍንት ላይ የተመሠረተ ትልቅ የጀብዱ ጌም ነው፤ 30 ገጽ ታሪክና ካርታ አለው፣ ኮድ ግን የለውም ማለት ይቻላል። አንዱን ስይዝ የሌላው ሐሳብ ይመጣብኛል። ዲሲፕሊን የለኝም ማለት ነው? ሰዓቴን ለሦስቱ እኩል ላካፍል ወይስ አንሪል ወደሚባለው ትልቅ ኢንጂን ተዛውሬ ትልቁን ብቻ ልያዝ? ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም አለው።»

ምላሽ፦

ሰዓትን ለሦስት እኩል ማካፈል ካሉዎት አማራጮች ሁሉ የከፋው ነው። 6 ሰዓት ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ በሳምንት 2 ሰዓት ይደርሰዋል፤ ይህም ማለት አንዱን ጌም ከፍተው ከዘጉት በኋላ የሚመለሱበት ከሰባት ቀን በኋላ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ የራስዎ ኮድ የሌላ ሰው ኮድ ይመስላል። የትኛው ተለዋዋጭ ምን እንደሚይዝ፣ ያ ባግ (የኮድ ስህተት) የቱ ጋ እንደነበር፣ ለምን እንዲህ እንደጻፉት ለማስታወስ ብቻ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ያልቃል። በግምት እንዳይመሩ ራስዎ ይለኩት፤ ፕሮጀክቱን ከፍተው የመጀመሪያውን ጠቃሚ ለውጥ ሴቭ እስከሚያደርጉ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። 30 ደቂቃ ከሆነ የዚያ ጌም ሳምንታዊ ሰዓት ሩቡ ሥራውን በማስታወስ ብቻ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ የማይታይ ኪሳራም አለ። የጌም ችግር የሚፈታው ኮምፒውተር ፊት ብቻ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ ከእንቅልፍ በፊት አእምሮ ያልተፈታውን ነገር ያመላልሳል። አንድ ሥራ ብቻ ሲኖር ይህ ሁሉ ትርፍ ሐሳብ ወደ እሱ ይፈሳል። ሦስት ሲሆኑ ግን የሚያሸንፈው በጣም የሚጣፍጠው ነው፤ የሚጣፍጠው ደግሞ ሁልጊዜ ያልተጀመረው ነው።

ስለ ዲሲፕሊን የጠየቁትም መታረም አለበት። ከሥራ መልስ በየሳምንቱ 6 ሰዓት ኮድ ላይ የሚቀመጥ ሰው ዲሲፕሊን አይጎድለውም። ሦስቱ ሥራዎችዎ የቆሙበትን ቦታ ይመልከቱ። ገበጣው የቆመው ሕጉን ወደ ኮድ መቀየር የሚባለው ደረቅ ሥራ ሲጀምር ነው። ዝላዩ የቆመው 4ኛው ደረጃ ላይ፣ መዝለል አዲስ መሆኑ ሲያበቃና ለ5ኛው ደረጃ አዲስ ሐሳብ ሲያስፈልግ ነው። ትልቁ ጌም ግን አልቆመም፤ ወረቀት እምቢ አይልምና። ካርታ ላይ አሥር ከተማ መጨመር አንድ ማታ ይበቃዋል፤ ከአሥሩ አንዷን የሚራመዱባት ማድረግ ሳምንታት ይወስዳል። አዲስ ሐሳብ የሚመጣብዎት በዘፈቀደ አይደለም፤ የያዙት ሥራ አሰልቺ ክፍሉ ላይ በደረሰ ቁጥር ነው። ይህን ካወቁ የሐሳቡን መምጣት እንደ ምልክት ይጠቀሙበታል፦ «አሁን የደረስኩበት ሥራ ከብዶኛል፤ ይህን ሥራ ወደ ትንንሽ ቁርጥ ልክፈለው» የሚል ምልክት።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት ሳይሰሙ አይቀሩም። እውነት ነው፤ የቱ ዛፍ እንደሚቀድም ግን አይነግርም። ለዚያ የሚያስፈልገው ሒሳብ ስለሆነ፣ እርስዎም የሒሳብ ሰው ስለሆኑ፣ በሒሳብ እንሂድ።

ከትልቁ እንጀምር። የጀብዱ ጌም ውስጥ አንድ ተራ ገጸ ባሕርይ ቢያንስ ቆሞ መተንፈስ (4 ምስል)፣ መራመድ (6)፣ መምታት (6) እና መመታት (2) አለው እንበል፤ 18 ምስል ነው። በአራት አቅጣጫ 72 ይሆናል። የቀኙን ገልብጠው ለግራው ቢጠቀሙ ወደ 54 ይወርዳል። አንዱ ምስል 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ ይህም ለጀማሪ ፈጣን ነው፣ አንድ ሰው ብቻ 13 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በሳምንት 6 ሰዓት ላለው ሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ማለት ነው። ሃያ ገጸ ባሕርይ 45 ሳምንት ነው፤ ሙሉ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ገና አንድ ቤት፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ ውይይት፣ አንድ የጦርነት ሕግ አልተሠራም። ታሪኩ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዘመነ መሳፍንት ለጌም የታደለ ዘመን ነው፤ ተቀናቃኝ መሳፍንት፣ የሚለዋወጥ ወዳጅነት፣ ስሙ እንጂ ሥልጣኑ የሌለው ንጉሥ። ነገር ግን በ6 ሰዓት የሚሸከሙት ሸክም አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠቅሰውን ምሳሌ ማንሳት ግድ ነው። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የግብርና ጌም ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በየካቲት 2016 (እንደ ፈረንጆቹ) አወጣው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ትልቅ ጌም መሥራት ይችላል ይባላል። ይችላል። የሚዘነጋው ግን ሥራው 4 ዓመት ተኩል ያህል መፍጀቱና ሰውየው በቀን 10 ሰዓት ገደማ፣ ሳምንቱን ሙሉ መሥራቱ ነው። በሳምንት 70 ሰዓት ማለት ነው። ያንኑ ያህል ሰዓት በሳምንት 6 ሰዓት ቢሠሩት ከ50 ዓመት በላይ ይወስዳል። ከእሱ ልምድ መማር ይቻላል፤ የእሱን መጠን መለኪያ አድርጎ መያዝ ግን ራስን መቅጣት ነው።

ወደ አንሪል መዛወር ለዚህ ችግር መልስ አይሆንም። ኢንጂኑ ኃይለኛ ነው፤ ለአምስተኛው ትውልዱ ግን 32 ጊጋ ራም ይመከራል፤ የእርስዎ ላፕቶፕ ከጌሙ በፊት ኤዲተሩን ለመክፈት ይታነቃል። ከማሽኑም ባሻገር ኢንጂን መቀየር የተለመደ የመሸሻ መንገድ ነው፤ አዲስ ነገር መማር መሥራት ስለሚመስል ሳምንታት ያልፋሉ፣ የሚጫወቱት ነገር ግን አይኖርም። ጎዶ ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ በደካማ ማሽን ላይም ይሄዳል፤ ከሦስቱ ጌሞችዎ ከአቅሙ በላይ የሚሆን የለም። እዚያው ይቆዩ። የጀመሩበትን የጎዶ ቅጂም አንድ ጌም እስኪያልቅ ድረስ አያሳድጉ፤ በሥራ መሃል ቅጂ ማሳደግ ትናንት ይሠራ የነበረውን ሊሰብር ይችላል፣ ያንን ለመጠገን የሚውለው ማታም ከጌሙ ላይ የሚቀነስ ነው።

ዝላዩ ከባድ ምርጫ ነው፤ አራት ደረጃ ያለቀለት ስለሆነ «የቀረበውን ጨርስ» የሚል ሰው ይኖራል። ግን ቅርብ አይደለም። 16 ደረጃ ቀርቶታል፤ አንድ ደረጃ ነድፎ፣ ሠርቶ፣ ሰው አጫውቶ ማስተካከል 5 ሰዓት ቢወስድ 80 ሰዓት ነው። በተጨማሪ የዚህ ዓይነቱ ጌም ዋናው ነገር የዝላዩ ስሜት ነው፤ ተጫዋቹ ከጠርዝ ካለፈ በኋላ ለ0.1 ሰከንድ ያህል አሁንም መዝለል እንዲችል፣ መሬት ሳይነካ በ0.1 ሰከንድ ቀድሞ የተጫነው አዝራርም እንዲቆጠርለት ካልተደረገ፣ ደረጃው የቱንም ያህል ቢያምር ሰው «አልሰማኝም» ብሎ ይተወዋል። ይህ ገና ካልተስተካከለ 16ቱን ደረጃ መሥራት ያልደረቀ መሠረት ላይ ቤት ማቆም ነው፤ የዝላዩ ቁመት በትንሹ በተለወጠ ቁጥር ሃያውም ደረጃ እንደገና ይለካል።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ገበጣውን ይጨርሱ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ይዝጉ። ምክንያቱ ትንሽ መሆኑ ብቻ አይደለም። ጌም ሲሠራ ትልቁ ያልታወቀ ነገር «ይህ ነገር ያጫውታል ወይ?» የሚለው ነው። ለገበጣ ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት በነበሩ ብዙ ትውልዶች ተመልሷል። ደረጃ መንደፍ የለበትም፣ ገጸ ባሕርይ መሳል የለበትም፣ ውይይት መጻፍ የለበትም። የሚቀረው ሥራ ሁሉ ተቆጥሮ ሊዘረዘር የሚችል ነው፤ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታያል።

ወጥመድ ግን አለው፤ ሦስቱን ልንገርዎት። የመጀመሪያው ሕጉ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣ ዓይነቶች መዝግበዋል፤ በረድፍ ብዛት፣ በጉድጓድ ብዛት፣ በአበላል ይለያያሉ። ሁሉንም ላስገባ ማለት ገበጣውን ሁለተኛ ትልቅ ጌም ማድረግ ነው። እርስዎ በልጅነትዎ የተጫወቱትን አንድ ሕግ ብቻ ይያዙ፤ ሕጉንም ኮድ ከመንካትዎ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሁለተኛው በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር ማጫወት ነው። ይህን አይንኩት። ሰርቨር፣ የሚቆራረጥ መስመር፣ መሃል ላይ ጥሎ የሚወጣ ተጫዋች፤ ይህ ብቻውን ከገበጣው ይበልጣል። በአንድ ስልክ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለት ሰው ይጫወቱ፤ ገበጣ ድሮም የሚያምረው እንዲያ ነው። ሦስተኛው ከመግቢያው ገጽ መጀመር ነው፤ የሚያምር ማውጫና የድምፅ ማስተካከያ ሠርቶ ጨዋታው የሌለበት ጌም ብዙ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ስድስቱን ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንድ ሰዓት ተኩል አድርገው በአራት መቀመጫ ይክፈሉት። ሦስቱ መቀመጫ የገበጣው ነው፤ አራተኛው ነፃ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለገበጣው በሳምንት 4 ሰዓት ተኩል፣ በስምንት ሳምንት 36 ሰዓት ይሆናል። ያለዎት ይህ ነው፤ በጀቱ ከዚህ አያልፍም፤ የሚቆረጠው የጌሙ መጠን እንጂ የሚራዘመው ቀኑ አይደለም።

በመጀመሪያው መቀመጫ ባዶ ፕሮጀክት ስልክዎ ላይ አውጥተው ይክፈቱ። ይህ ነገር መጨረሻ ላይ ሲቀር ሰው ያስለቅሳል፤ ጌሙን ወደ ስልክ ለማውጣት የሚያስፈልገው የጎዶ 4 ኤክስፖርት ቴምፕሌት ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ዳውንሎድ ነው፣ የአንድሮይድ ኤስዲኬና የጃቫ ኪት የሚባሉ መሥሪያዎችንም ይፈልጋል፣ አንዱ ቦታው ከተሳሳተ ምንም አይወጣም። ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ቦታ ሆነው በአንድ ጊዜ ያውርዱት፤ የጎዶን መመሪያም ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ቅጂ አብረው ይያዙ። ፕሮጀክቱን ሲፈጥሩ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን የምስል አሠራር ይምረጡ፤ ለደካማ ስልክም ለድረ ገጽም የሚሆነው እሱ ነው። የኮድ ለውጥ መዝጋቢውን ጊትን ይጫኑ፣ እያንዳንዱን መቀመጫ በኮሚት (የዕለቱን ሥራ በመመዝገብ) ይዝጉ፤ መብራት ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ ቢሞት፣ ትናንት የሠራው ዛሬ ቢሰበር የሚመለሱበት ቦታ ይኖርዎታል። ጎዶ ራሱ የሚፈጥረውን የተደበቀ የካሽ ማኅደር ግን ወደ ጊት አያስገቡ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለሕጉ ይስጡ፤ መጀመሪያ ያለ ምንም ሥዕል። ገበታውን የቁጥሮች ዝርዝር አድርገው ይያዙት። ለምሳሌ የእርስዎ ሕግ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ከሆነ በጠቅላላ 48 ጠጠር አለ። ይህ ቁጥር ወርቅ ነው፦ ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ በገበታው ላይ ያለውንና የተበላውን ደምሮ 48 ካልሆነ ወዲያው የሚጮህ አንድ መስመር ኮድ ያስገቡ። የሒሳብ ሰው ይህን ማስታረቅ ያውቀዋል፤ ከገበጣ ባጎች አብዛኞቹን የሚይዘውም ይኸው ነው። የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ስታርፍ እንደገና አንስቶ የሚያዞር ሕግ ከመረጡ ደግሞ የዙሩን ብዛት ገደብ ያብጁለት፤ በአንዳንድ አቀማመጥ ዙሩ ሳያቆም ሊቀጥል ይችላል፣ ገደብ የሌለው ኮድም ስልኩን ያደርቀዋል። ዙሩ ገደቡ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በሕግ ገጽዎ ላይ ይወስኑ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ሰው በአንድ ስልክ መጫወት መቻል አለበት፤ ጠጠሮቹ ቁጥር ብቻ ቢሆኑም ችግር የለውም። ለጣት መንኪያ ቢያንስ 48 የአንድሮይድ መለኪያ ነጥብ ስፋት ይመከራል፤ ስልክ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 360 አካባቢ ስለሆነ ስድስት ጉድጓድ ጎን ለጎን 60፣ 60 ይደርሳቸዋል፤ በደንብ ይበቃል። ሰባትና ስምንት ጉድጓድ ካለው ግን ስልኩን አጋድመው ያስቡት።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የማሽኑ ተጫዋች ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰጥማል፤ ስለዚህ በሦስት እርከን ይሂዱ። መጀመሪያ ከሚፈቀዱት ጉድጓዶች አንዱን በዕጣ የሚያነሣ፤ ይህ 20 ደቂቃ አይፈጅም፣ ጌሙንም ብቻውን የሚጫወት ሰው እንዲጫወተው ያስችላል። ቀጥሎ አሁን ብዙ ጠጠር የሚያስበላውን የሚመርጥ። በመጨረሻ ሚኒማክስ፦ የራሱን ጨዋታ፣ የእርስዎን መልስ፣ እንደገና የራሱን እያለ አራት እርምጃ ወደ ፊት የሚያይ። በየተራው ቢበዛ 6 ምርጫ ስላለ አራት እርምጃ ማለት ቢበዛ 1,296 አቀማመጥ ነው፤ ለርካሽ ስልክም ቀላል ነው። ስድስት እርምጃ ሲሉት 46,656 ይሆናል፣ ስልኩ ማሰብ ሲጀምር ተጫዋቹ የተበላሸ ይመስለዋል። አራት ላይ ይቁሙ። እርከኖቹን አይጣሉ፤ «ጀማሪ»፣ «መካከለኛ»፣ «ብርቱ» ሆነው ያለ ተጨማሪ ሥራ ሦስት የክብደት ደረጃ ይሆኑልዎታል።

አምስተኛው ሳምንት እንቅስቃሴና ድምፅ ነው። ጠጠር በጠጠር ሲዘራ ለዓይን 0.2 ሰከንድ ያምራል፤ ግን 40 ጠጠር የሚያዞር ረጅም ዙር 8 ሰከንድ ይሆናል፣ ያ ያሰለቻል። ዙሩ ሲረዝም ፍጥነቱ እየጨመረ ይሂድ፤ ስክሪኑን ሲነኩም ወደ መጨረሻው ይዝለል። ለድምፁ እውነተኛ ጠጠር በእንጨት ላይ ጥለው በስልክዎ ይቅዱ፤ አምስት የተለያየ ቅጂ ወስደው እያቀያየሩ ያጫውቱት፣ አንድ ድምፅ ሲደጋገም ጆሮ ያደክማል። የአማርኛ ጽሑፉም እዚሁ ይግባ። ከጎዶ ጋር የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፤ በእርስዎ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ከሲስተሙ ተበድሮ ስለሚያሳይ ያለ ይመስልዎታል፣ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርደው ከጌሙ ጋር ያካቱት።

በስድስተኛው ሳምንት ገበጣ ለማያውቅ አንድ ሰውና በደንብ ለሚያውቅ አንድ ሰው ስልኩን ሰጥተው ዝም ይበሉ። ማስረዳት የለም። የት እንደሚጣበቁ ይጻፉ፤ የሚሠሩት የተጣበቁበትን ብቻ ነው። አዋቂው «በእኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም» ማለቱ አይቀርም፤ አመስግነው ይመዝግቡት፣ አያስገቡት። ሰባተኛው ሳምንት ባግ መልቀሚያ ነው፤ አዲስ ነገር አይጨመርም። ስምንተኛው ጌሙን ለሕዝብ ማውጫ ነው።

መጀመሪያ የሚያወጡት ኢች (itch.io) በሚባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ ይሁን። ክፍያ የለውም፣ ከድረ ገጹ በቀጥታ ይጫወቱታል፤ የሽፋን ምስሉን 630 በ500 ፒክስል ያዘጋጁ። ለድረ ገጽ ሲያወጡ በጎዶ 4.3 እና ከዚያ ወዲህ ባለው ያለ ትሬድ የሚለውን ምርጫ ይጠቀሙ፤ ኮዱን በሲ ሻርፕ ቋንቋ የጻፉ ከሆነ ግን ጎዶ 4 ወደ ድረ ገጽ አያወጣልዎትም፣ በጎዶ የራሱ ቋንቋ በጂዲስክሪፕት መሆን አለበት። የአንድሮይድ መደብሩ ጎግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ያስከፍላል፤ አዲስ የግል አካውንት ደግሞ ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀን እንዲይዙት ይጠይቃል። የኮምፒውተር ጌም መደብሩ ስቲም በየጌሙ 100 ዶላር ነው። ሁለቱም ከ36 ሰዓቱ ውጪ ናቸው፤ ሰው ከወደደው በኋላ ያስቡባቸው። ጎግል ፕሌይ ከገቡ ግን የመፈረሚያ ቁልፍ ፋይሉንና የይለፍ ቃሉን በሁለት የተለያየ ቦታ ያስቀምጡ፤ ቁልፉን ያጣ ሰው በጌሙ ላይ ማሻሻያ ለመላክ ይቸገራል።

አሁን ወደ አራተኛው መቀመጫ። ይህን ሰዓት ብዙ መካሪ ይከለክላል፤ እኔ አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ዘመነ መሳፍንትን ያንብቡ፣ ካርታ ይሳሉ፣ ዝላዩን ይነካኩ፣ አዲስ ነገር ይሞክሩ። ሁለት ሕግ ብቻ አለው፦ ቢያመልጥዎ ወደ ሌላ ሳምንት አይተላለፍም፤ የገበጣውን መቀመጫም አይበደርም። ሁሉን ከልክለው በአንድ ሥራ ራስዎን ካሠሩ በአምስተኛው ሳምንት ገበጣውን መጥላት ይጀምራሉ፤ ሦስት ለአንድ የሆነው ክፍፍል ግን ትልቁን ሐሳብ በሕይወት ያቆየዋል፣ ትንሹንም አያስርበውም። ሚዛን የሚባለው ነገር ይህ ነው፤ እኩልነት ማለት አይደለም።

በቀሪዎቹ ቀናት ለሚመጣው ሐሳብ አንድ ደብተር ይበቃል። ሐሳቡ ሲመጣ አምስት መስመር ብቻ፦ ተጫዋቹ በጣቱ ምን ያደርጋል፣ ስክሪኑ ላይ ምን ያያል፣ የሚሸነፈው እንዴት ነው፣ ለምን ወደድኩት፣ ቀኑ። ከ30 ቀን በፊት አይክፈቱት። የመጀመሪያውን መስመር መጻፍ ካቃተዎት ያ ሐሳብ ዓለም ነው እንጂ ገና ጌም አይደለም። «በዘመነ መሳፍንት የሚኖር ወጣት» ዓለም ነው። «በአንድ ምሽት ግብር ላይ ከአምስት መሳፍንት ማንን አጠገቡ እንደሚያስቀምጥ የሚወስን አጋፋሪ» ጌም ነው። የፈጠራ ትኩረት የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣው፤ ምን እንደማይገባ ከመወሰን። ፒኮ-8 የሚባለው የጌም መሥሪያ ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል፣ ቀለሙም 16 ብቻ ነው፤ ሴሌስት የተባለው የዝላይ ጌም በ2015 በሁለት ሰዎች በአራት ቀን የተሠራው በዚያ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በቡድን አድጎ ሙሉ ጌም ሆኖ የወጣው በጥር 2018 (ሁለቱም እንደ ፈረንጆቹ) ነው። ትንሹ የዝላይ ስሜት ሠርቶ ስለታየ ትልቁ መሠራት ቻለ።

እያንዳንዱን መቀመጫ ሲጨርሱ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፦ ምን ሠራሁ፣ ምን ተሰብሮ ቀረ፣ በሚቀጥለው በ15 ደቂቃ የሚያልቅ የመጀመሪያ ሥራዬ ምንድን ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። «ማሽኑን ላሻሽል» አይደለም፤ «የበላው ጠጠር ቁጥር ከስክሪኑ ጠርዝ ወጥቷል፣ ላስገባው» ነው። ዝላዩንና የጀብዱውን ጌም ሲዘጉም ይህንኑ ማስታወሻ ትተው ይዝጉ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲከፍቱት ያ ገጽ ግማሽ ሰዓቱን ያተርፍልዎታል። መዝጋት መጣል አይደለም። ለመማር የተጀመረ ሥራ ትምህርቱን ከሰጠ ሥራውን ጨርሷል፤ ያለቀ ጌም ባይሆንም ዕዳ አይደለም።

የሚጀምሩበትን ጊዜ ይምረጡ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ዓይነት ወራት እንደሆኑ እርስዎ ያውቁታል፤ በእነዚያ ወራት ስምንት ሳምንት ማቀድ በራስ ላይ መፍረድ ነው። ኅዳር 1 ይጀምሩ፤ ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ጌሙ ይወጣል። በዓለም ዙሪያ በአንድ ሰሞን የሚካሄደው፣ በጥቂት ቀን ጌም የሚሠራበት ግሎባል ጌም ጃም አብዛኛውን ጊዜ በጥር አጋማሽና ማብቂያ ላይ ይውላል፤ እሱን ማረፊያ ያድርጉት፤ በጥቂት ቀን የሚያልቅ አዲስ ነገር ሠርተው ይመለሱ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሁለት ሰው ተጫውቶ ሊጨርሰው የሚችል ነገር ካልኖረ የማሽኑን ተጫዋች ወደ ዕጣው እርከን ይቁረጡት፣ እንቅስቃሴውንም ይተዉት። መታመም፣ ሐዘን፣ የሥራ ጫና ከሁለት ሳምንት በላይ ካስቆመዎት ዕቅዱን ካቆመበት አይቀጥሉ፤ የቀረውን ሰዓት እንደገና ቆጥረው፣ የሚቆረጠውን ቆርጠው ይጀምሩ። ስምንተኛው ሳምንት ሲያልቅ ገበጣው ባያምርም፣ ማሽኑ ደካማ ቢሆንም፣ ሁለት ሰው የሚያጫውት እስከሆነ ድረስ ኢች ላይ ያውጡት፤ የቅጂ ቁጥሩን 0.8 ይበሉት። ማሻሻል የሚቀጥለው ሰው ከተጫወተው በኋላ ነው። ከጃሙ መልስ የየካቲቱ ሥራ ዝላዩ ይሁን፤ ከ20 ደረጃ ወደ 8 ቀንሰው፣ የዝላዩን ስሜት አስቀድመው አስተካክለው፣ የተሠሩትን አራቱን ደረጃዎች እንደገና ለክተው። ለጀብዱው ጌም ደግሞ ከ30 ገጹ አንድ ስክሪን፣ አንድ ሰውና አንድ ውሳኔ የያዘ ትዕይንት ይምረጡ፤ በነፃው መቀመጫ የሚሠሩት ያቺን ትዕይንት ብቻ ነው።